በተርብ ሆድ ውስጥ የምትኖረው እንግዳ፦ ዜኖስ የማን ዘመድ ናት? አገሯስ የት ነው?

አንዲት ተርብ ቅጠል ላይ ተቀምጣለች። አታድንም፣ ጎጆ አትሠራም፣ ወደ እህቶቿም አትመለስም። ክንፏ አልተሰበረም፤ ቢጫና ጥቁር ቀለሟም አልደበዘዘም። ሆዷን በማጉያ መነጽር ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ተደራርበው ከተቀመጡት የሆዷ ቀለበቶች ከአንደኛው ሥር ጠፍጣፋ፣ ቡናማና የምታብረቀርቅ ነገር ብቅ ብላለች። ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቁስል ትመስላለች፤ የተጣበቀ ቆሻሻም ትመስላለች። የሌላ ነፍሳት ራስ ናት። ቀሪው አካሏ በሙሉ ያለው ተርቧ ሆድ ውስጥ ነው፤ ከዚያም እስክትሞት አትወጣም።

ይህች ነፍሳት የምትመደብበት ወገን ዜኖስ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው። በአማርኛ “እንግዳ” ስንል ቤታችን የመጣውንም ሰው፣ የማናውቀውን ባዕድም እንደምንጠራበት ሁሉ የግሪኩ ቃልም ሁለቱን አንድ አድርጎ ይይዛል። ለዚህች ፍጥረት ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለኝም።

ስለ ዜኖስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ተርቧን ከሥራ አስፈትታ እንደ ፈለገች መንዳቷ ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ወደ እሱም እንመጣለን። ከእሱ ሥር ያለው ጥያቄ ግን ይበልጥ ያስደንቃል። ዓይን፣ እግር፣ ክንፍና አንቴና የሌላትን፣ ዕድሜዋን በሌላ ፍጥረት ሆድ ውስጥ የምትገፋን ነፍሳት ሳይንቲስቶች ከዘመዶቿ የሚለዩዋት በምን ምልክት ነው? አገሯ የት እንደሆነስ በምን ይታወቃል?

ክንፈ ጠማማ የሚባሉት ነፍሳት ምንድን ናቸው?

በቅድሚያ አራት ቃላት እንያዝ። ዝርያ ማለት እርስ በርሳቸው የሚዋለዱ ፍጥረታት ስብስብ ነው። የቅርብ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ወገን ይባላሉ፤ ወገኖች ተሰብስበው አስተኔ፣ አስተኔዎች ተሰብስበው ደግሞ ክፍለ መደብ ይሆናሉ። ጢንዚዛዎች በሙሉ አንድ ክፍለ መደብ ናቸው፤ ዝንቦችና ትንኞችም እንዲሁ ሌላ ክፍለ መደብ ናቸው። ዜኖስ የምትገኝበት ክፍለ መደብ ስትረፕሲፕቴራ ይባላል። መጠምዘዝና ክንፍ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ስም ስለሆነ በአማርኛ ክንፈ ጠማማ ብንላቸው ያስኬዳል። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ወደ 600 ይጠጋሉ። ከጢንዚዛዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ኢምንት ነው።

ክንፈ ጠማማዎች ሁሉ ጥገኞች ናቸው። ጥገኛ የሚባለው በሌላ ሕያው ፍጥረት አካል ውስጥ ወይም ላይ ሆኖ ከእሱ የሚመገብ ነው፤ ጥገኛውን የሚሸከመውን ፍጥረት ደግሞ አስጠጊ እንለዋለን። አንዳንዶቹ ንብን፣ አንዳንዶቹ ጉንዳንን፣ ሌሎቹ ፌንጣን ወይም የእፅዋት ፈሳሽ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳትን አስጠጊ ያደርጋሉ። የዜኖስ አስጠጊዎች ማኅበረሰባዊ ተርቦች ናቸው፤ ማለትም በንግሥትና በሠራተኞች ተደራጅተው አንድ ጎጆ የሚጋሩ ተርቦች።

ወንዱንና ሴቷን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው የአንድ ዝርያ ናቸው ብሎ አያምንም። ወንዱ ክንፍ አለው፣ ይበራል። የፊት ክንፎቹ ተኮማትረው ሁለት ትንንሽ ዱላ ሆነዋል፤ የሚያገለግሉትም በበረራ ጊዜ ሚዛን ለመጠበቅ ነው። የኋላ ክንፎቹ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ዓይኖቹ ከዛሬ ነፍሳት የአብዛኞቹን አይመስሉም፤ እንደ እንጆሪ ፍሬ ያበጡ ጉብጉብ ሌንሶች ድርድር ናቸው። በ1999 በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው ዜኖስ ፔኪ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዝርያ በእያንዳንዱ ዓይኑ ወደ 50 የሚጠጉ ሌንሶች አሉት፤ እያንዳንዱ ሌንስም ከሥሩ የራሱ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን አለው። የተለመደው የነፍሳት ዓይን በአንድ ሌንስ አንዲት የምስል ነጥብ ሲይዝ የዚህ ወንድ ሌንስ ግን ራሱን የቻለ ትንሽ ምስል ይይዛል። ይህ ሁሉ ዕቃ የተሰናዳው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ወንዱ ከተርቡ ሆድ ከወጣ በኋላ ምግብ አይቀምስም፤ ሴት ይፈልጋል፣ ከተሳካለት ይገናኛል፣ ይሞታል።

ሴቷ ደግሞ ጎልማሳ ሆናም የእጭ መልክ አላት። ራሷና ደረቷ ተዋሕደው አንድ ጠንካራ ጠፍጣፋ ሳህን ሠርተዋል፤ ከተርቧ ሆድ ብቅ የምትለው እሷ ናት። የተቀረው አካሏ እንቁላል የሞላበት ለስላሳ ከረጢት ነው።

ከሆድ ሳትወጣ እንዴት ትዋለዳለች?

በጣሊያን ቱስካና አካባቢ በፖሊስቴስ ዶሚኑላ ተርቦች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ዜኖስ ቬስፓሩም የምትባለውን የዜኖስ ዝርያ ኑሮ ደህና አድርገው አሳይተዋል። ጥገኛ የያዘች ወጣት ተርብ ለጎጆው ምንም ሥራ ሳትሠራ ትሰነብትና በበጋው መግቢያ ጥላው ትወጣለች። ከዚያም ከሌላ ጎጆ የመጡ መሰል ሕመምተኞች ጋር በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ትሰፍራለች። ማኅበረሰባዊ ተርብ ከባዕድ ጎጆ ተርብ ጋር ተጠጋግታ መቀመጧ ራሱ ያልተለመደ ነው። ለጥገኛዋ ግን ይህ ስብስብ ማለት ገበያ ማለት ነው። ከአንዷ ተርብ ሆድ የወጣው ወንድ ዜኖስ በጥቂት ሰዓት ዕድሜው ሴት ማግኘት የሚችለው ሌሎች ሕመምተኞች በአቅራቢያው ካሉ ብቻ ነው። ሴቷ ከሆድ ብቅ ባለችው ራሷ በኩል ሽታ ትለቃለች፤ ወንዱ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል።

የፀነሰች ሴት ዜኖስ የተሸከመች ተርብ ክረምቱን ከወደፊት ንግሥቶች ጋር ተሸሽጋ ታልፋለች። መካን ናት፤ እንቁላል አትጥልም፤ ግን በሕይወት አለች። ዜኖስ ተርቧን ወዲያው አትገድላትም፤ አስጠጊዋ ከሞተች አብራ ትሞታለችና። በጸደይ ሴቷ በሺህ የሚቆጠሩ እጮችን በራሷ አጠገብ ባለ ቀዳዳ ትለቃለች። እንቁላሎቹ እዚያው ሆዷ ውስጥ ተፈልፍለዋል።

እጮቹ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ አራትና አምስት ሆነው የሚሰለፉ ናቸው። እግር አላቸው፣ ዓይን አላቸው፤ እናታቸው የሌላት ይህ ሁሉ ለጊዜው አላቸው። ምግብ ፍለጋ በምትወጣ ተርብ ላይ ተሳፍረው ጎጆ ይገባሉ፤ እዚያ ያለችውን የተርብ እጭ ቆዳ አለስልሰው ዘልቀው ይገባሉ። ወዲያው ቆዳቸውን ሲቀይሩ እግራቸውን ይጥላሉ።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል፤ የተርቧ አካል ባዕዱን ለምን አያጠፋውም? ነፍሳትም እንደ እኛ የመከላከያ ሥርዓት አላቸውና። በ2003 ጄያራኒ ካቲሪታምቢና ባልደረቦቿ በዚህ ክፍለ መደብ ላይ ባሳተሙት ጥናት እጩ ወደ ውስጥ ሲገባ የአስጠጊውን የራሱን የቆዳ ሽፋን እንደ ከረጢት ተጠቅልሎ እንደሚገባ ታይቷል። የቤቱን ጋቢ ደርቦ የገባ ሰው በቤቱ ጠባቂ ዘንድ እንግዳ አይመስልም። ተርቧ ስታድግ እጩም በውስጧ ያድጋል፤ እሷ ክንፍ አውጥታ ከጎጆው ቀዳዳ ስትወጣም አብሮ ይወጣል።

መጀመሪያ ያያት ማን ነው?

ዜኖስን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፒየትሮ ሮሲ የሚባል የጣሊያኗ የፒሳ ከተማ ምሁር ሲሆን ዘመኑ 1793 ነው። የገለጻት ዝርያ ዜኖስ ቬስፓሩም ናት፤ የወገኑ መለኪያ ዝርያም እስከ ዛሬ እሷ ናት። መለኪያ ዝርያ ማለት አንድ ወገን ሲከፋፈል ስሙ ተጎትቶ የሚሄድባት ዝርያ ናት። ነገሩ የደረቅ ሕግ ይመስላል፤ ኋላ ግን ያስፈልገናል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1802፣ የእንግሊዝ ቄስና የነፍሳት ተመራማሪ ዊልያም ከርቢ ስለ አገሩ ንቦች በጻፈው ሥራ ስታይሎፕስ የሚባለውን የቅርብ ዘመድ ገለጸ። አገኘሁ ያለበት መንገድ ደስ ይላል። በአንዲት የምድር ንብ ሆድ ላይ ትንሽ ነገር አየ፤ ከላይ የተጣበቀ መዥገር መሰል ተባይ መሰለው። በመርፌ ላላቅቅ ብሎ ሲስበው ግን ነጭ፣ ለስላሳ ትል ከንቧ ሆድ ተከትሎ ወጣ። ተባይ የመሰለው የትሉ ራስ ነበር። ዛሬ የብሪታንያ ንጉሣዊ የነፍሳት ጥናት ማኅበር አርማ ስታይሎፕስ ነው።

ከርቢ በ1813 ለእነዚህ ፍጥረታት ራሱን የቻለ ክፍለ መደብ አቋቋመ፤ ስትረፕሲፕቴራ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። በዚያው ሥራ ከአሜሪካ የመጣ ሁለተኛ የዜኖስ ዝርያ ገልጾ በሃርቫርዱ ፕሮፌሰር በዊልያም ፔክ ስም ዜኖስ ፔኪ ብሎ ሰየመው። እንግዲህ ገና በጅምሩ ወገኑ በውቅያኖስ ማዶና ማዶ እንደሚገኝ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ዘመዷ ዝንብ ነው ወይስ ጢንዚዛ?

ከርቢ ለብቻቸው አቆማቸው እንጂ ከማን አጠገብ እንደሚቆሙ ለመቁረጥ ሁለት መቶ ዓመት ፈጀ። ሁለት ጎራ ነበር።

አንደኛው ጎራ ጢንዚዛን ይጠቅሳል። ክንፈ ጠማማዎች የሚበሩት በኋላ ክንፎቻቸው ነው፤ ጢንዚዛም እንዲሁ። ሁለተኛው ጎራ ዝንብን ያነሣል። ዝንብ የኋላ ክንፎቹ ተኮማትረው ሚዛን ጠባቂ ዱላ ሆነዋል፤ ክንፈ ጠማማ ደግሞ የፊት ክንፎቹ። በ1990ዎቹ የዘረመል ንባብ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ለዝንብ ጎራ ፈረዱ። በ1994 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የፊቱና የኋላው አካል በዘረመል ለውጥ ቦታ ተለዋውጦ ይሆናል እስከ ማለት ተደረሰ።

ስሕተቱ የት እንደነበር ለመረዳት የፈተና አዳራሽ እናስብ። ምርጫ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ከአራት ፊደላት አንዱ ነው። ያላጠኑ ሁለት ተማሪዎች በየጥያቄው እየገመቱ ያጠቁራሉ። ሳይተያዩ ብዙ መልሳቸው ይገጥማል፤ ምርጫው አራት ብቻ ነውና። አራሚው ይህን አይቶ “ተኮራርጀዋል” ቢል ይሳሳታል። ዘረመልም የሚጻፈው በአራት ፊደላት ነው። ክንፈ ጠማማዎችና ዝንቦች በተመረጡት ዘረመሎች ላይ ከሌሎች ነፍሳት እጅግ ፈጥነው ተለውጠዋል፤ ብዙ በተለወጡ ቁጥር በአጋጣሚ የሚገጥሙ ፊደላት ይበዛሉ። የስሌቱ ዘዴ ያንን አጋጣሚ እንደ ዝምድና ቆጠረው።

መድኃኒቱ ጥቂት ጥያቄዎችን ሳይሆን ሙሉውን የፈተና ወረቀት ማየት ነበር። በ2012 የሜንገኒላ ሞልድርዚኪ ሙሉ ዘረመል ተነበበ፤ ይህች ከቱኒዚያ የተገኘች ክንፈ ጠማማ ናት። በ2014 ደግሞ 1478 ዘረመሎችን ከበርካታ ነፍሳት ያመሳከረው ትልቅ ጥናት ወጣ። ሁለቱም አንድ መልስ ሰጡ፤ የክንፈ ጠማማዎች የቅርብ ዘመዶች ጢንዚዛዎች ናቸው። ከጢንዚዛ የወጡ ቅርንጫፍ አይደሉም፤ እንደ እህትና ወንድም ከአንድ ወላጅ የተከፈሉ ናቸው። የዝንቡና የክንፈ ጠማማው ሚዛን ጠባቂ ዱላ ሁለት ጊዜ፣ ለየብቻው የመጣ ነገር ነው። መለያየቱም ጥንታዊ ነው፤ በምያንማር ምድር በደረቀ የዛፍ ሙጫ ውስጥ ተዘግተው የተገኙት ወንዶች ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋቸዋል፤ ያን ጊዜም ዛሬ የምናየው መልክ አላቸው።

ዜኖስ ከሌሎቹ በምን ትለያለች?

ይህ ለእኔ የጉዳዩ ዋና ክፍል ነው። ክፍለ መደቡ ተለየ እንበል፤ በውስጡ ግን ወገን ከወገን መለየት አለበት። ወንዶቹ ምልክታቸው ብዙ ነው፤ ችግሩ ጥቂት ሰዓት ኖሮ የሚሞትን ሚሊ ሜትሮች የሚያህል በራሪ ማን ያገኘዋል? በእጅ የሚገቡት ሴቶቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከራስ ሳህናቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም። ሰውን በመስኮት ስንጥቅ ከምታሳየው ግንባሩ ብቻ ለይ እንደ መባል ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ግንባሩን ትተው ቤቱን መመልከት ያዙ። አሜሪካዊው ድዋይት ፒርስ በ1909 ባሳተመው ሰፊ ሥራና በተከታዮቹ ጽሑፎች ጥገኛው በአስጠጊው ይለያል በሚል እምነት ብዙ ዝርያዎችንና ወገኖችን ሰየመ። ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ለምሳሌ ሞኖቢያ ከምትባል ተርብ የተገኘው ሞኖቢያፊላ ተባለ። ሰውን በተከራየበት ቤት ስም መጥራት ማለት ነው። ተከራይ ቤት ቢቀይርስ? በአንድ ግቢ ሁለት የማይዛመዱ ተከራዮች ቢኖሩስ?

ሪቻርድ ቦሃርት በ1941 ክፍለ መደቡን እንደገና ሲመረምር ይህን ሁሉ ስም ጠቀለለው። ጀርመናዊው ራግናር ኪንዘልባህ ደግሞ በ1970ዎቹ ይበልጥ ጨመቀው፤ በስታይሎፕስ ላይ የአውሮፓን በሙሉ ወደ አንድ ዝርያ እስከ ማውረድ ሄደ። የዜኖስ ዘመዶች ዜኒዴ በሚባል አስተኔ ሥር በአራት ወገኖች ብቻ ተመደቡ። መስፈርቱ ሰፋ እንጂ ዞሮ ዞሮ አስጠጊው ነበር፤ ማኅበረሰባዊ ተርብ ውስጥ ያለው ዜኖስ፣ ለብቻዋ የምትኖር የሸክላ ተርብ ውስጥ ያለው ፕስዩዶዜኖስ፣ ቆፋሪ ተርብ ውስጥ ያለው ፓራዜኖስ፣ በአውስትራሊያ የአበባ ዱቄት ሰብሳቢ ተርቦች ውስጥ ያለው ፓራጊዮዜኖስ ተባለ። ለማስታወስ ቀላል፣ ለማስተማር ምቹ ነው። ምቹ መሆኑ ግን እውነት አላደረገውም።

ዘረመል ሲነበብ ሣጥኖቹ ተሰነጠቁ። በአንድ ስም ሥር የነበሩ ጥገኞች ከተለያዩ ቅርንጫፎች የመጡ ሆነው ተገኙ። በ2022 ዳንኤል ቤንዳና ባልደረቦቹ ዙኪስ በተባለው መጽሔት አስተኔውን በ13 ወገኖች አደራጅተው አወጡ፤ 119 የተገለጹ ዝርያዎችንም ከአስጠጊዎቻቸውና ከአገሮቻቸው ጋር ዘረዘሩ። ሦስቱ ወገኖች አዲስ ነበሩ። አምስቱ ግን ቀደም ሲል ተጠቅልለው የጠፉ ስሞች ነበሩ፤ አሁን ከሞት ተነሡ። ፒርስ በብዙ ቢሳሳትም ካወጣቸው ስሞች የተወሰኑት ከመቶ ዓመት በኋላ ቦታቸው ተመልሶላቸዋል። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

ከሁሉ የሚያረካው ደግሞ መለያ ምልክቱ ነው። ጥናቱ የተመሠረተው ሁሉም ንቀው ያለፉት ግንባር ላይ ነው፤ ማለትም በሴቷ ራስና ደረት ሳህንና ወንዱ ከሆድ ሲወጣ ጥሎት በሚሄደው የራስ ቆብ ላይ። በጠንካራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ የመንጋጋው አቀማመጥ፣ የመውለጃው ቀዳዳ ቅርጽና የገጹ ሸካራነት በወገን በወገን ይለያያል። ዘረመሉ የት እንደሚፈለግ ጠቆመ፤ ዓይን ሄዶ አገኘው። አንዳንዱ ወገን በአንድ ጉልህ ምልክት ይታወቃል፤ ሌላው ግን ምልክቶች ተደምረው ካልሆነ አይለይም።

ስሙ ተጎትቶ የሚሄድባት መለኪያ ዝርያ የምትጠቅመውም እዚህ ነው። ሣጥኑ ሲከፋፈል “ዜኖስ” የሚለው ስም የሮሲን ዜኖስ ቬስፓሩምን ተከትሎ ቀረ። “ማኅበረሰባዊ ተርብ ውስጥ ያለ ሁሉ ዜኖስ ነው” የሚለው ሕግ ግን አልቆመም። የአሜሪካ ቆላ አገሮች በመንጋ ሆነው ጎጆ የሚመሠርቱ ተርቦችን የያዘው ጥገኛ ብራሲዜኖስ፣ በጃፓን ቬስፑላ ተርቦች ውስጥ ያለው ደግሞ ኒፖኖዜኖስ የሚባል የራሱ ወገን ሆኗል።

የት የት ትገኛለች?

የዜኖስን ስርጭት ለመረዳት ስለ ጉዞዋ ማሰብ ይበቃል። ሴቷ ከሆድ አትወጣም። ወንዱ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። እጩ ዓይን በጭንቅ የሚያየው ቅንጣት ነው። ባሕር መሻገር፣ ተራራ ማለፍ፣ ክረምት መዝለቅ የምትችለው በተርቧ ሆድ ተሳፍራ ብቻ ነው። ተሳፋሪ ባቡሩ ከሚደርስበት ጣቢያ አያልፍም። ስለዚህ የጥገኛዋ ካርታ ከአስጠጊዎቿ ካርታ ውጭ ሊዘረጋ አይችልም፤ ሊያንስ ግን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል።

ዋናዎቹ አስጠጊዎቿ ፖሊስቴስ የሚባሉት፣ ከታኘከ እንጨት ወረቀት መሰል ጎጆ የሚሠሩት ተርቦች ናቸው። ከ200 በላይ ዝርያ አላቸው፤ ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉራት ይኖራሉ። ዜኖስም ይህን ሰፊ መንገድ ተከትላለች። ዜኖስ ቬስፓሩም በአውሮፓና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ይዞ ወደ እስያ ይዘልቃል። ዜኖስ ፔኪ በሰሜን አሜሪካ በተለይ ፖሊስቴስ ፉስካቱስ በምትባለው ተርብ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ እስከ አርጀንቲና ድረስ፣ ሌሎች ዝርያዎች አሉ። ከርቢ በኖረባት በብሪታንያ ግን ፖሊስቴስ የአገሩ ተወላጅ ስላልሆነች፣ ክፍለ መደቡን ያቋቋመው ሰው ዜኖስን ከደጁ ሊያገኛት አይችልም ነበር፤ ስታይሎፕስን እንጂ።

በምሥራቅ እስያ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። እዚያ ዜኖስ ወደ ቬስፓ፣ ወደ ግዙፎቹ ተርቦች ተሻግራለች፤ በዓለም ትልቁ የሚባለው ቬስፓ ማንዳሪኒያም ከአስጠጊዎቿ አንዱ ነው። ለረጅም ጊዜ በእነዚህ ውስጥ ያለው በሙሉ በ1898 የተገለጸው ዜኖስ ሙቶኒ ነው ይባል ነበር። የጃፓን ተመራማሪዎች ዘረመሉን ሲመረምሩ ግን በአንድ ስም ሥር ከአንድ በላይ ዝርያ ተደብቆ አገኙ፤ በ2013 ሁለተኛውን ዜኖስ ኦክሲዮዶንቴስ ብለው ገለጹት። በዓይን የማይለዩ፣ በዘረመል ግን የተለያዩ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች በዜኒዴ አስተኔ ውስጥ ከታሰበው በላይ እንደሚበዙ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት አሳይቷል። ይህም ማለት አንድ ሰፊ ክበብ የነበረው ካርታ ቀረብ ብለው ሲያዩት የብዙ ትንንሽ ክበቦች ድርድር ሊሆን ይችላል።

ሌላም መታየት ያለበት ጉዳይ አለ። የአውሮፓዋ ፖሊስቴስ ዶሚኑላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰሜን አሜሪካ ገብታ በጥቂት አሥርት ዓመታት በስፋት ተዛመተች። አገር የለቀቀ ፍጥረት ብዙ ጊዜ ጥገኞቹን ትቶ ይሄዳል። ተርቧ እንዲህ የቀናት ሆዷ ውስጥ የሚያመክናት ባለመኖሩ ይሆን? ተመራማሪዎች ከሚያነሧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ለመመለስ ግን የትኛው ዜኖስ በየትኛው ተርብ ውስጥ እንደሚኖር በትክክል መለየት ይቀድማል። የስም አወጣጡ ክርክር የመጽሐፍ ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

ካርታው ምን ያህል ይታመናል?

ነጥብ ያለበት ቦታ ይታመናል። ነጥብ የሌለበት ቦታ ግን “የለችም” ማለት አይደለም። ዜኖስን ለማግኘት አንድ ሰው ተርብ መያዝ፣ ሆዷን ማየት፣ ያየውም ነገር ቆሻሻ አለመሆኑን ማወቅ አለበት። ብዙ መረጃ የተገኘው ከሜዳ ሳይሆን ከሙዚየም መሳቢያ ነው፤ ከአሥርት ዓመታት በፊት ለተርብነታቸው ሲባል በመርፌ ተሰክተው የተቀመጡ ተርቦች እንደገና ሲፈተሹ ሆዳቸው ውስጥ እንግዳ ይገኛል። ጥገኛው የአስጠጊውን መልክ የሚቀይርበት ጊዜም አለ። ስታይሎፕስ የያዛቸው ንቦች መልካቸው ከጤነኞቹ በጣም ከመለየቱ የተነሣ አዲስ ዝርያ ተብለው የተሰየሙበት አጋጣሚ አለ። ጥገኛው የራሱን ብቻ ሳይሆን የአስጠጊውንም መዝገብ አዛብቷል።

ፍለጋው ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚያሳይ የዘመድ ታሪክ ልጨምር። ሚርሜኮላሲዴ በሚባለው አስተኔ ወንዱ በጉንዳን ውስጥ ሲያድግ ሴቷ ደግሞ በፌንጣና በዘመዶቹ ውስጥ ታድጋለች። አንድ ዝርያ፣ ሁለት የማይገናኙ አስጠጊዎች። ፒርስ በ1909 ኬኖኮላክስ ፌንዬሲ የሚባለውን ከሜክሲኮ በተገኘ ወንድ ገለጸው። ሴቷ የተገኘችው ከ94 ዓመት በኋላ በቴክሳስ፣ በአንድ የፌንጣ ዘመድ ሆድ ውስጥ ነው። ወንድና ሴት ባልና ሚስት መሆናቸው የተረጋገጠውም በዘረመል ነው፤ በመልክማ ምን ያገናኛቸዋል?

ሰውን ትጎዳለች?

አትጎዳም። ዜኖስ አትነድፍም፣ አትነክስም፣ በሰው ወይም በቤት እንስሳ አካል ውስጥ አትኖርም። ሆዷ ላይ እብጠት ያለባት ተርብ ግን መናደፊያዋ እንዳለ ስለሆነ መያዝ አያስፈልግም፤ ፎቶግራፍ ይበቃል።

ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሞክር ሰው የተርቧን ሆድ ከላይና ከጎን ይመልከት፤ ከቀለበቶቹ መጋጠሚያ ላይ ዓይኑን ይጣል። የተንጠፈጠፈች ቡናማ ሳህን ካየ ሴት ዜኖስ ናት። ጠቆር ብሎ ወደ ውጭ የሾለ ክብ ቆብ ከሆነ ገና ያልወጣ ወንድ ነው። ቆቡ ተከፍቶ ባዶ ቀዳዳ ከቀረ ደግሞ ወንዱ ሄዷል፤ ከጥቂት ሰዓት በላይም አይኖርም። በአንዲት ተርብ ላይ ሁለትና ሦስት ሊገኙ ስለሚችሉ አንዱን ካዩ በኋላ የቀሩትን ቀለበቶችም መቁጠር ነው። የተርቧ ዝርያ፣ ቦታውና ቀኑ ከፎቶግራፉ ጋር ከተያዘ በካርታው ላይ አንድ ነጥብ ይጨመራል።